ዓይን ነው የደከመው ወይስ ስክሪኑ?

ከአዲስ አበባ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ለዘመድ የሚላከው ዕቃ ዓይነቱ ብዙ ነው። ስኳሩና ዘይቱ፣ ብርድ ልብሱና ጫማው ድሮም ይላክ ነበር። አሁን አሁን ከነዚህ ጋር በፎጣ ተጠቅልሎ፣ በካርቶን ታሽጎ፣ «ተሰባሪ ነው፣ አደራ» ተብሎ የሚጫን አንድ ዕቃ አለ፤ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር። አንዳንዱ መሥሪያ ቤት ዕቃውን ሲቀይር በጨረታ የተሸጠ ነው፤ አንዳንዱ ላኪው ላፕቶፕ ሲገዛ የተረፈው ነው። ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ሲደርስ የሚረከቡት ወላጆችና አያቶች ናቸው። ከእነሱ ጀርባ ደግሞ ካርቶኑ እስኪከፈት ትዕግሥት ያጣው ተማሪ ቆሟል።

እንዲህ የሚላከው ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ከአንድ ቦታ የተገዛ አይደለም። ሳጥኑ (ቴክኒሻኖች ቢስቁብንም ሁላችንም «ሲፒዩ» የምንለው) ከአንድ ቦታ፣ ሞኒተሩ ከሌላ ይመጣል። ሳጥኑ የአሥራ አምስት ዓመት ዕድሜ ሊኖረው ይችላል፤ ሞኒተሩ ደግሞ ካቻምና የወጣ ሰፊ ስክሪን ይሆናል። ወይም ነገሩ ይገለበጥና ሞኒተሩ ሽማግሌ፣ ሳጥኑ ጎረምሳ ይሆናሉ። ተያይተው የማያውቁ ሁለት ዕቃዎች ሳሎን ውስጥ በአንድ ኬብል ይጋባሉ።

ጋብቻው ያልሰመረ እንደሆነ ምልክቱ ከሦስት አንዱ ነው። በአንዱ ቤት ፊደሉ በክረምት ጠዋት ጉና ላይ እንደሚወርደው ጭጋግ ያለ ነገር ይለብሳል። በሌላው ቤት ፎቶው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ፊቱ ይሰፋል፣ ቁመቱ ያጥራል፤ ክብ የነበረው ሰዓት እንቁላል ይሆናል። በሦስተኛው ቤት ስክሪኑ ይጨልምና በእንግሊዝኛ የተጻፈች አጭር መልእክት ብቻ መሃሉ ላይ ትንሳፈፋለች።

ፍርድ ለመስጠት ማን ይዘገያል? አያት «ዓይኔ ደክሟል፣ መነጽሬ ይቀየር» ይላሉ። አባት «ሞኒተሩ መንገድ ላይ ተሰብሯል» ይላሉ። ጎረቤት ደግሞ «ያረጀ ዕቃ ነው የላከላችሁ» ብሎ ነገር ያከርራል። እንዲህ ከተባሉት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ምንም አልሆኑም። የተሳሳተው አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሪዞሉሽን ይባላል፤ ማስተካከሉ ብዙ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አያልፍም፤ ገንዘብም አያስወጣም።

ከዚያ በፊት አንድ ቀላል ፈተና አለ። ይህን ጋዜጣ ከስክሪኑ ጎን፣ ከዓይንዎ እኩል ርቀት ላይ ይያዙት። ጋዜጣውም ስክሪኑም እኩል ከደበዘዙ ጉዳዩ የዓይን ነውና ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ የዓይን ሕመምን የሚጠግን ኮምፒውተር የለም። ጋዜጣው ጠርቶ ስክሪኑ ብቻ ከደበዘዘ ግን ዓይንዎን አይውቀሱ።

የሸማኔው ድር

ዛሬ በየቤቱ ያሉት ጠፍጣፋ ስክሪኖች የተሠሩት ከጥቃቅን ነጥቦች ነው። ነጥቧ ፒክስል ትባላለች። ነጥቦቹ በረድፍና በአምድ ተደርድረው የተቀመጡት ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ አይጨመሩም፣ አይቀነሱም። አንድ ባለ 17 ኢንች ካሬ መሰል ሞኒተር ወደ ጎን 1280፣ ወደ ታች 1024 ነጥብ አለው። ይህ የተፈጥሮ ቁጥሩ ነው።

ሸማኔን እናስብ። ድሩን አንዴ ከዘረጋ በኋላ የክሩ ቁጥር አይቀየርም። በ1280 ክር ድር ላይ ለ1024 ክር የታሰበ ጥለት ልጣል ቢል፣ አንዳንዱን መስመር በአንድ ክር፣ አንዳንዱን በሁለት ክር ላይ ማሳረፍ ግድ ይሆንበታል። ጥለቱ መውጣቱ አይቀርም፤ ጠርዙ ግን አይጠራም። ኮምፒውተሩ ከስክሪኑ የተፈጥሮ ቁጥር የተለየ ሥዕል ሲልክ የሚሆነው ይኸው ነው። ሞኒተሩ የመጣለትን እየለጠጠ ባሉት ነጥቦች ላይ ያዳርሳል፤ ነጥብ ለሁለት መከፈል ስለማይችል ጥቁሩ መስመር ግራጫ ይሆናል። ጭጋጉ የመጣው ከዚህ ነው።

የድሮዎቹ ጀርባቸው የተቆለለ ሞኒተሮች እንዲህ ዓይነት ጣጣ አልነበረባቸውም። ሥዕሉን የሚስሉት በመስተዋቱ ላይ በሚሮጥ ጨረር ስለነበር እንደ ጠፍጣፋዎቹ የታሰረ አንድ ቁጥር አልነበራቸውም፤ አቅማቸው እስከቻለ ድረስ ትንሹንም ትልቁንም ይቀበሉ ነበር። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር የተማረ ሰው «እንደፈለግህ ቀይረው፣ ለውጥ የለውም» የሚለው ከዚያ ልምዱ ተነስቶ ነው። ለጠፍጣፋው ስክሪን ግን ይህ ምክር አይሠራም።

የቤትዎ ሞኒተር ቁጥሩ ስንት ነው? ከጀርባው ባለው ወረቀት ላይ ሞዴሉ ይጻፋል፤ በቅርጹና በመጠኑም መገመት ይቻላል። ካሬ የሚመስለው ባለ 15 ኢንች ብዙውን ጊዜ 1024 በ768 ነው። ካሬ የሚመስሉት ባለ 17 እና ባለ 19 ኢንች ደግሞ 1280 በ1024 ናቸው፤ በየመሥሪያ ቤቱ ከሚጣሉት ሞኒተሮች መካከል እነዚህ ብዙ ናቸው። ሰፋ ያለው ባለ 19 ኢንች 1440 በ900፣ ከእሱ በጥቂቱ የሚያንሰው ባለ 18.5 ኢንች 1366 በ768፣ ሰፊው ባለ 22 ኢንች አንዳንዱ 1680 በ1050 ነው። የቅርብ ጊዜዎቹ ባለ 22 እና ባለ 24 ኢንች በአመዛኙ 1920 በ1080 ናቸው። ሻጭ «ፉል ኤችዲ ነው» ሲልዎ ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ማለቱ ነው።

ፊቱ የሰፋው ፎቶም ምክንያቱ ከዚሁ ይመዘዛል። 1024 በ768 ለካሬ መሰል ስክሪን የተቆረጠ ልብስ ነው። ሰፊ ስክሪን ሲለብሰው ወደ ጎን ይለጠጣል፤ የልጅ ልጅዎ በፎቶ የወፈረ የመሰለዎት ለዚህ ሊሆን ይችላል።

«ቤቱ» ሲል «ቤቲ» የሚነበበው

ይህ ችግር በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ያን ያህል አይጎዳ ይሆናል። በእኛ ፊደል ላይ ግን ይብሳል። «ሱ» እና «ሲ» የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው፤ ጭረቷ ከወገቡ ከወጣች «ሱ»፣ ከእግሩ ከወጣች «ሲ»። ያቺው ጭረት ዞራ ቀለበት ከሠራች ደግሞ «ሴ» ትሆናለች። በተራ ስክሪን ላይ ፊደሉ በትንሽ መጠን ሲጻፍ ይህች ጭረት አንዲት ነጥብ ወይም ሁለት ብትሆን ነው። ያቺ ነጥብ ከደበዘዘች «ቤቱ» «ቤቲ» ሆኖ ይነበባል፤ «ሊ» እና «ሌ» መለየት ያቅታል። ልጅ በግምት ያልፈዋል፤ ደብዳቤውን በጥሞና ማንበብ የለመዱት አያት ግን አንድ ቃል ላይ ይቆማሉ፣ ይመለሳሉ፣ ከዚያ ራስ ምታት ይጀምራቸዋል።

በዚህ አጋጣሚ ከሪዞሉሽን ጋር የሚምታታ አንድ ሌላ ችግር አለ። የአማርኛው ጽሑፍ በሙሉ ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ የሪዞሉሽን ጉዳይ አይደለም። ኮምፒውተሩ የአማርኛ ፎንት የለውም ማለት ነው። የግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ነው። ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ደግሞ በቪስታ ነው፤ ቪስታ ለገበያ የወጣው በ2007 በዚያው አቆጣጠር ነው። ከእሱ የሚቀድመው ኤክስፒ ያለበት ሳጥን ከደረሰዎ ፎንቱን በፍላሽ አስመጥተው መጫን ያስፈልግዎታል። ስክሪኑን መነካካት ምንም አይፈይድም።

በቅን ልብ የሚደረገው ነገር

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ስክሪኖች ከተፈጥሮ ቁጥራቸው ወርደው የሚገኙበት አንድ የተለመደ ምክንያት የልጆች ደግነት ነው። አያት «ፊደሉ አነሰብኝ» ይላሉ። የልጅ ልጅ ይሮጥና ሪዞሉሽኑን ከ1920 ወደ 1024 ያወርደዋል። ፊደሉ ተለቀ፤ ሁሉም ተደሰተ። ግን የተለቀው ፊደል ደብዛዛ ነው፤ ምስሉም ተለጥጧል። አያት ሌላ ሳምንት ደግሞ «አሁንም አልታየኝም» ይላሉ፤ ልጁ እንደገና ያወርደዋል። እንዲህ እየተባለ 800 በ600 የደረሰ ስክሪን አለ። እዚህ ሲደርስ የመስኮቶቹ ታችኛው ክፍል ከስክሪኑ ወጥቶ «እሺ» የሚለው ቁልፍ እንኳ አይገኝም።

ፊደል ማተለቅና ሪዞሉሽን ማውረድ አንድ አይደሉም። ሪዞሉሽኑ በተፈጥሮ ቁጥሩ ላይ ይቀመጥ፤ ከዚያ ፊደሉ ለብቻው ይተልቅ። ዊንዶውስ ለዚሁ ሥራ የተለየ ቦታ አዘጋጅቷል። በዊንዶውስ 10 ባዶው ስክሪን ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ይጫኑና «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ» የሚለውን ይክፈቱ። ወረድ ሲሉ ሁለት ነገር ያገኛሉ። «ዲስፕሌይ ሪዞሉሽን» የሚለው ውስጥ ከቁጥሮቹ አንዱ አጠገብ በቅንፍ «ሬኮሜንድድ» ተጽፎበታል፤ እሱን ይምረጡ። በአብዛኛው የሞኒተሩ የተፈጥሮ ቁጥር እሱ ነው። ከእሱ ከፍ ብሎ «ስኬል» የሚለው አለ፤ እዚያ 100 የነበረውን 125 ወይም 150 በመቶ ያድርጉት። ፊደሉ ይተልቃል፣ ጠርዙም ይጠራል። በዊንዶውስ 7 ደግሞ በዚያው በቀኝ ቁልፍ «ስክሪን ሪዞሉሽን» የሚለውን ያገኛሉ፤ የፊደል ማተለቂያው እዚያው ገጽ ላይ ከታች በሰማያዊ ጽሑፍ ተቀምጧል።

ቁጥሩን ሲቀይሩ ኮምፒውተሩ «ይህን ላጽናው?» ብሎ ይጠይቅና 15 ሰከንድ ይጠብቃል። ስክሪኑ ቢጨልም አይደንግጡ፣ ምንም አይንኩ። መልስ ካላገኘ በራሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ብዙ ሰው በእነዚህ 15 ሰከንዶች ውስጥ ገመድ ይነቅላል፤ ነገሩን የሚያከብደው ይህ ችኮላ ነው።

ለንባብ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከዚህም የሚቀል መንገድ አለ። «ኮንትሮል» የሚለውን ቁልፍ ይዘው የማውሱን ጎማ ወደፊት ሲያንከባልሉ በኢንተርኔት ማሰሻና በዎርድ ላይ ያለው ጽሑፍ ይተልቃል። ለአያቶች መጀመሪያ መማር የሚገባው ይህ ነው ባይ ነኝ፤ ምንም አያበላሽምና።

ትክክለኛው ቁጥር ዝርዝሩ ውስጥ ሲጠፋ

አንዳንዴ የሞኒተሩን ቁጥር ያውቁታል፤ ዝርዝሩ ውስጥ ግን የለም። ያሉት 800 በ600 እና 1024 በ768 ብቻ ናቸው። የድሮ ሳጥኖች ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም ከሁለት አንዱ ነው።

የመጀመሪያው ድራይቨር ነው። ዊንዶውስ አዲስ ከተጫነ በኋላ ሥዕል የሚሠራውን ክፍል በስሙ የማያውቀው ከሆነ ለሁሉም የሚሆን ጊዜያዊ ድራይቨር ይሰጠዋል። ይህ ጊዜያዊ ድራይቨር የሚያውቀው ጥቂት ቁጥሮችን ነው። ትክክለኛው ድራይቨር ሲጫን ዝርዝሩ ይረዝማል። ኢንተርኔት ደከም በሚልበት አካባቢ ይህን ከዚያው አወርዳለሁ ማለት ያስቸግራልና፣ ላኪው ሳጥኑን ከማሸጉ በፊት ድራይቨሩን ቢጭን፣ አንድ ቅጂም በፍላሽ ቢያስቀምጥ ብዙ ስልክ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ኬብል ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ሞኒተርና ኮምፒውተር ሲገናኙ መጀመሪያ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ሞኒተሩ በኬብሉ በኩል «እኔ እንዲህ ነኝ፣ ቁጥሬ ይህ ነው» ብሎ ራሱን ያስተዋውቃል። ሰማያዊ ጫፍ ያለው የድሮው የቪጂኤ ኬብል 15 ጥርስ አለው፤ ሰላምታው የሚያልፈው ከእነዚህ መካከል በጥቂቶቹ ነው። ጥርሱ የተጣመመ ወይም ሲሠራ ክር የተቆጠበበት ርካሽ ኬብል ሥዕሉን እያሳለፈ ሰላምታውን ያስቀራል። ኮምፒውተሩም እንግዳውን ስላላወቀው ትንሹን ቁጥር ይሰጠዋል። ስለዚህ ማንንም ከመጥራትዎ በፊት ኮምፒውተሩን አጥፍተው ኬብሉን ይንቀሉ፣ ጥርሶቹን ይዩ፣ መልሰው አስገብተው ብሎኖቹን ግራና ቀኝ ያጥብቁ። ካልሆነ ሌላ ኬብል ተውሰው ይሞክሩ።

ለ1366 በ768 ስክሪን ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ። አንዳንድ የድሮ ሳጥኖች የሚሠሩት ለ8 በሚካፈል ቁጥር ብቻ ነው፤ 1366 ደግሞ ለ8 አይካፈልም። በምትኩ 1360 በ768 የሚል ቁጥር ያቀርባሉ። ይህን ካገኙ ሳያመነቱ ይውሰዱት፤ ልዩነቱ ስድስት ነጥብ ብቻ ነው።

በቪጂኤ ኬብል የሚሠሩ ከሆነ፣ ቁጥሩ ትክክል ሆኖም ፊደሉ ጥላ ያለው ከመሰለ፣ ወይም ሥዕሉ ወደ አንድ ጎን ከተገፋ፣ ሞኒተሩ ላይ «አውቶ» የሚል ቁልፍ ይፈልጉ። አንዴ ሲጫኑት ሞኒተሩ ራሱን ከሥዕሉ ጋር ያስተካክላል።

ስክሪኑ ሲጨልም

ከሁሉም የሚያስደነግጠው ይህ ነው። መካነ ኢየሱስ ያሉ አባት አዲስ አበባ ላለችው ልጃቸው ሲደውሉ ንግግሩ እንዲህ ሊሄድ ይችላል።

«አባዬ፣ አሁን ስክሪኑ ላይ ምን ይታያል?»

«ምን ይታያል ብለሽ! ጨለማ ነው። መሃሉ ላይ አንዲት ሳጥን አለች፣ ወዲያ ወዲህ ትላለች።»

«ሳጥኗ ላይ ምን ተጽፏል? እስቲ ያንብቡልኝ።»

«ቆይ መነጽሬን... ‹ኢንፑት ኖት ሰፖርትድ› ይላል። ተቃጥሏል ማለት ነው አይደል?»

«አልተቃጠለም አባዬ። ተቃጥሎ ቢሆን ይህንንም አይጽፍልዎትም ነበር። መጀመሪያ ሲያበሩት ሌላ ጽሑፍ ታይቶ ነበር?»

«አዎ፣ የኩባንያው ስም ወጣ። ከዚያ ድርግም።»

«እንግዲያው ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ልጅቷ ልክ ነች። ኮምፒውተር ሲነሳ መጀመሪያ የሚልከው ሥዕል በትንሽ ቁጥር ስለሆነ ማንኛውም ሞኒተር ይቀበለዋል። ዊንዶውስ ሲጀምር ግን ከዚህ በፊት ወደተሰጠው ቁጥር ይዘላል። ሳጥኑ አዲስ አበባ ሳለ ከትልቅ ሞኒተር ጋር ይሠራ ከነበረ የቀድሞውን ትልቅ ቁጥር ይልካል፤ ካሬው ሞኒተር ደግሞ «ይህን አልችልም» ይላል። ያቺ የምትንሳፈፍ ጽሑፍ ትርጉሟ ይኸው ነው። አንዳንዱ ሞኒተር «አውት ኦፍ ሬንጅ» ይላል፤ ልዩነት የለውም።

መፍትሔው እንደ ዊንዶውሱ ይለያያል። በዊንዶውስ 7 ኮምፒውተሩን አጥፍተው ሲያበሩ «ኤፍ 8» የሚለውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ፤ ከሚመጣው ዝርዝር «ሎው ሪዞሉሽን ቪዲዮ» የሚለውን ይምረጡ። በትንሽ ቁጥር ይነሳል፤ ከዚያ ትክክለኛውን ይሰጡታል። በዊንዶውስ 10 ይህ ቁልፍ እንደ ድሮው አይሠራም፤ ዝርዝሩን ለማግኘት መንገዱ ይረዝማል። ስለዚህ ለቤተሰብ የሚቀለው ዘዴ ሌላ ነው። ሳጥኑን ለአንድ ሰዓት ትልቁን ቁጥር ከሚቀበል ስክሪን፣ ለምሳሌ ከጎረቤት ሞኒተር ወይም ከሳሎን ቴሌቪዥን ጋር ያገናኙት፤ እዚያ ላይ ቁጥሩን የራስዎ ሞኒተር ወደሚችለው ያውርዱት፤ አጥፍተው ይመልሱት። እዚያው ገጽ ላይ ሳሉ «ሪፍሬሽ ሬት» የሚለው ቁጥር 60 መሆኑንም ይዩ። አብዛኛው ተራ ጠፍጣፋ ሞኒተር የሚፈልገው 60 ነው፤ 75 ወይም 85 ተሰጥቶት የጨለመም አለ።

ቴሌቪዥኑን ካነሳን፣ ሞኒተር ሳይገዙ ሳጥኑን በኤችዲኤምአይ ከቴሌቪዥን ጋር የሚያገናኙ ቤቶችም አሉ። ያስኬዳል። ችግሩ አንዳንድ ቴሌቪዥን የሥዕሉን ጠርዝ በአራቱም በኩል ትንሽ መቁረጥ ልማዱ ነው፤ ለፊልም አይታወቅም፣ ለኮምፒውተር ግን ከታች ያለው መስመር ከነሰዓቱ ይጠፋል። ይህም ሲሆን ሪዞሉሽኑን አያውርዱ። በቴሌቪዥኑ ሪሞት ወደ ሥዕል ቅንብር ገብተው «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚመስል ምርጫ ይፈልጉ፤ ስሙ እንደ ኩባንያው ይለያያል። ለረጅም ንባብ ግን ቴሌቪዥን አልመክርም። ባለ 32 ኢንች ሆኖ ነጥቡ 1366 በ768 ብቻ የሆነ ብዙ ነው፤ ያው የባለ 18.5 ኢንቹ ሞኒተር ነጥብ በትልቅ ስክሪን ላይ ተበትኖ ማለት ነው። በቅርብ ሲቀመጡ ነጥቡ እንደ ጤፍ ተለይቶ ይታያል።

ለተማሪው ምን ይለውጣል?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር ተሰጥቷል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በኮምፒውተር የሚፈተነው ቁጥር ጨምሯል። እንግዲህ በስማዳ ወይም በታች ጋይንት ገጠር ቀበሌ ያደገ ልጅ፣ ኮምፒውተር በየቀኑ ሲነካ ከኖረ የከተማ ልጅ እኩል ጥያቄውን ከስክሪን ላይ ማንበብ ሊጠበቅበት ነው። ረጅም የእንግሊዝኛ ምንባብ ከስክሪን ላይ አንብቦ መልስ መስጠት ልምድ ይፈልጋል። ቤት ውስጥ ያለችው አሮጌ ኮምፒውተር ጥቅሟ እዚህ ላይ ነው። አዲስ መሆን የለባትም፤ ፈጣን መሆንም የለባትም። ፊደሏ ግን ጥርት ማለት አለበት። ሁለት ሰዓት በደብዛዛ ስክሪን ያነበበ ልጅ ዓይኑን እያሸ ይነሳል፤ ቤተሰቡም «ኮምፒውተር አይስማማውም» ብሎ ይደመድማል።

ሞኒተሩን ሲያስቀምጡ አንድ ክንድ ያህል ከፊት ያርቁት፤ ላይኛው ጠርዝ ከልጁ ዓይን እኩል ወይም ዝቅ ያለ ይሁን፤ ብርሃን የሚገባበት መስኮት ከኋላም ከፊትም ሳይሆን በጎን ይሁን። መብራት በሚዋዥቅበት ቦታ ስታቢላይዘር ካለ ከሳጥኑም ከሞኒተሩም በፊት ይግባ። ይህን ቸል ያለ ቤት በእውነት የተቃጠለ ሞኒተር ሊያይ ይችላል።

አሁን ደግሞ ለላኪዎች። ወላጆቻችሁ ዘንድ ላለው አሮጌ ሳጥን ሞኒተር ልትገዙ ስትወጡ ትልቁንና ውዱን አትፈልጉ። «4ኬ» የሚባለው 3840 በ2160 ነጥብ ያለው ነው። ከአሥር ዓመት በፊት የተሠሩ ብዙ ሳጥኖች ይህን በሙሉ አቅሙ መላክ አይችሉም፤ ስለዚህ ውዱ ሞኒተር ከተፈጥሮ ቁጥሩ ወርዶ ይሠራል፤ ማለትም ከፍላችሁ ጭጋግ ትገዛላችሁ። በአንጻሩ ተራው ባለ 22 ኢንች 1920 በ1080 ለብዙ አሮጌ ሳጥኖች፣ በቪጂኤ ኬብል ጭምር፣ የሚሸከሙት ጭነት ነው። ያገለገለ ባለ 17 ኢንች ካሬ መሰል ሞኒተርም ለንባብና ለጽሑፍ የሚናቅ አይደለም፤ ነጥቦቹ በመጠኑ ትልልቅ ስለሆኑ ፊደሉ ሳይተለቅም በአያት ዓይን ይነበባል።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ወደ ቤት ደውላችሁ የሳጥኑን ጀርባ በስልክ ፎቶ አስነሱ። ሰማያዊ ባለ 15 ቀዳዳ ብቻ ካለ የምትገዙት ሞኒተር እሱን የሚቀበል ይሁን፤ አዳዲሶቹ ሞኒተሮች አንዳንዶቹ ይህን ትተውታል። «አስማሚ አለ» ቢሏችሁ ከየት ወደ የት እንደሚቀይር ጠይቁ። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ አይሠራም፤ ሁለቱ ቢመሳሰሉም መንገዳቸው የአንድ አቅጣጫ ነው። ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በዩኤስቢ ኃይል ይፈልጋልና ተጨማሪ ገመዷ ካርቶኑ ውስጥ መኖሯን እዩ።

ከቻላችሁም ሳጥኑንና ሞኒተሩን ከመላካችሁ በፊት አንድ ላይ አገናኝታችሁ አብሯቸው። ቁጥሩን አስተካክሉ፣ ፊደሉን ለአያት ዓይን አተልቁ፣ አንድ የአማርኛ ገጽ ክፈቱና «ሱ» እና «ሲ» ተለይተው መነበባቸውን ተመልከቱ። ከዚያ የሞኒተሩን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ከጀርባው በፕላስተር ለጥፉት፤ ኬብሉንም ከሞኒተሩ ሳትነቅሉ ጠቅልላችሁ እሰሩት።